ቪዲዮው ይገባኛል፤ መልመጃው ግን እምቢ አለኝ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ 23 ዓመቴ ነው። ደሴ ውስጥ አክስቴ ጨርቃ ጨርቅ መሸጫና ልብስ ስፌት ቤት እሠራለሁ። በአንድ የግል ኮሌጅ አካውንቲንግ ኦንላይን እየተማርኩ ነው። አሁን የፋይናንሻል አካውንቲንግ የመጀመሪያው ኮርስ ስድስተኛ ሳምንት ላይ ነን። ቪዲዮውን ሳይ ሁሉም ይገባኛል። መልመጃ ስጀምር ግን ዴቢትና ክሬዲት ይምታታብኛል። ማስተካከያ የሚባለው ምዕራፍ ላይ ጭራሽ ጠፋሁ። ትራያል ባላንሴ (የዴቢትና የክሬዲት ድምር ማመሳከሪያው) እኩል መጥቶልኝ እንኳ ሲስተሙ ስህተት ነው ይለኛል። እስካሁን ከተያዘው 30 ያገኘሁት 12 ነው፤ ለማለፍ ከ100 50 ያስፈልጋል። ድሮም ሒሳብ አልወድም። ኮርሱን ልተወውና ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ ሶፍትዌር ብቻ ልማር? ወይስ ሕጎቹን ሸምድጄ ልግፋ?»

ምላሽ፦ ኮርሱን አትተዪው። ፒችትሪም ለጊዜው ይቆይሽ። ሽምደዳው ደግሞ እስከ ማስተካከያው ምዕራፍ ድረስ ብቻ ነው የሚወስድሽ፤ እዚያ እንደደረስሽ ይጥልሻል። አሁን የሆነብሽም ይኸው ይመስለኛል።

«ሒሳብ አልወድም» ያልሽው ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም። በዚህ ኮርስ ውስጥ ከመደመር፣ ከመቀነስ፣ ከማባዛት፣ ከማካፈልና ከፐርሰንት ያለፈ ሒሳብ የለም። ሦስት ሜትር ተኩል ጨርቅ ለክተሽ፣ ዋጋውን በቃልሽ አስልተሽ፣ መልስ የምትሰጪ ልጅ ይህ አያቅትሽም። የሚከብደው መመደቡ ነው። አንድ ነገር ሲፈጸም የትኞቹ ሂሳቦች (ጥሬ ገንዘብ፣ ኪራይ፣ ሽያጭ የመሳሰሉት የመዝገብ ርዕሶች) ተነኩ? ጨመሩ ወይስ ቀነሱ? የየትኛው ወር ነው? እነዚህን ሦስቱን በትክክል የመለሰ ሰው የቀረውን ካልኩሌተር ይጨርስለታል።

የዴቢትና ክሬዲት መምታታት ብዙ ጊዜ ከስልክሽ ይጀምራል። ብር ሲገባልሽ ባንኩ «ሂሳብዎ ክሬዲት ተደርጓል» የሚል መልእክት ይልክልሻል። ስለዚህ ክሬዲት ማለት መጨመር ነው ብለሽ ይዘሻል። ኮርሱ ደግሞ ገንዘብ ሲገባ ዴቢት አድርጊ ይልሻል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ልዩነቱ መዝገቡ የማን ነው የሚለው ላይ ነው። አክስትሽ የቀኑን ሽያጭ 20,000 ብር ባንክ አስገቡ እንበል። በእሳቸው መዝገብ ባንክ ያለው ገንዘብ ሀብት ነው፤ ጨመረ፤ ባንክ ዴቢት 20,000 ይሆናል። ከመሳቢያው የወጣው ጥሬ ገንዘብ ደግሞ ክሬዲት 20,000። ባንኩ ጋ ስትሄጂ ነገሩ ይገለበጣል። ያ 20,000 ብር ባንኩ ለአክስትሽ ያለበት ዕዳ ነው። በመጡ ቀን ይመልሳል። ዕዳው ጨመረ፤ ስለዚህ ክሬዲት። መልእክቱ የተጻፈው ከባንኩ መዝገብ ነው። አንቺ የምትጽፊው ግን የሱቁን ነው። ከዛሬ ጀምሮ የባንክ መልእክት ሲመጣልሽ የሱቁን ምዝገባ በልብሽ ሥሪው። ነጻ መልመጃ ነው።

ሕጎቹ ብዙ የሚመስሉት በዝርዝር ስለተሰጡሽ ነው። መሠረቱ አንድ ነው፦ ሀብት የዕዳና የካፒታል ድምር ነው። ሀብት በግራ ይጨምራል፤ ዕዳና ካፒታል በቀኝ ይጨምራሉ። ዴቢት ግራ፣ ክሬዲት ቀኝ። ጥሩም መጥፎም ብለሽ አታስቢያቸው። ገቢ ካፒታልን ስለሚያሳድግ በቀኝ ነው። ወጪ ካፒታልን ስለሚበላ በግራ ነው። ባለቤቱ ለግሉ የሚያወጣውም እንዲሁ በግራ። አለቀ።

ይህን የባለቤቱን ነገር ግን አትለፊው። አክስትሽ ቅዳሜ ጠዋት ከመሳቢያው 1,500 ብር አውጥተው ለቤት አስቤዛ ገዙ። ይህ የሱቁ ወጪ ነው? አይደለም። ሱቁ ለብቻው፣ አክስትሽ ለብቻቸው ነው የሚታዩት። የወጣው ገንዘብ ካፒታላቸውን ይቀንሳል እንጂ የትርፍና ኪሳራ መግለጫው ላይ ድርሽ አይልም። ፈተና ላይ በዚህ ነጥብ የሚወድቅ ተማሪ ብዙ ነው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ «ሽያጭ ሞልቶ ትርፉ የት ገባ?» እያለ የሚያማርር ነጋዴም ብዙውን ጊዜ ችግሩ እዚሁ ላይ ነው።

ትራያል ባላንሱ እኩል መጥቶ ሲስተሙ ስህተት ያለሽ ነገር አያስገርምም። እኩል መምጣቱ የሚነግርሽ ግራና ቀኙ በድምር መተካከሉን ብቻ ነው። አንድ ሽያጭ ከነጭራሹ ሳትመዘግቢ ብትረሺ እኩል ይመጣል። የኪራይ ወጪውን የመብራት ወጪ ላይ ብትጽፊው እኩል ይመጣል። አንዱን ምዝገባ ሁለት ጊዜ ብትደግሚው፣ ወይም 4,500 መሆን የነበረበትን በሁለቱም በኩል 5,400 ብትዪውም እኩል ይመጣል። እኩል ካልመጣ ግን ማግኛ ዘዴ አለው። መጀመሪያ ልዩነቱን ለ2 አካፍይና ያንን ቁጥር ፈልጊ፤ ካገኘሽው የግራውን በቀኝ ጽፈሽው ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ለ9 አካፍይ። ያለ ቀሪ ከተካፈለ ሁለት አኃዝ አቀያይረሽ እንደሆነ ጠርጥሪ። 1,350ን 1,530 ብሎ የጻፈ ሰው ልዩነቱ 180 ይመጣል፤ ለ9 ሲካፈል 20። ይህን ሳያዩ ሌጀሩን (ምዝገባው በየሂሳቡ የሚሰበሰብበትን መዝገብ) ከላይ እስከ ታች እንደገና መደመር ዓይን ማድከም ነው።

ሌላም አለ። የኦንላይን መልመጃ ሲስተሞች ግትር ናቸው። ሂሳቡን ከዝርዝሩ ውስጥ መምረጥ ሲገባሽ በራስሽ አጻጻፍ ከጻፍሽው ስህተት ይሉሻል። ቀኑን ካሳሳትሽም እንደዚያው። ስለዚህ «ስህተት» ሲልሽ መጀመሪያ የሂሳቡን ስምና ቀኑን እዪ። ዕውቀትሽን የምትጠራጠሪው ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ጠፋሽበት ምዕራፍ እንምጣ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። ኮርሱን የሚያልፉትና የሚወድቁት የሚለዩት በአብዛኛው እዚህ ስለሆነ ነው።

እስከዚያ ምዕራፍ ድረስ ያየሽው ነገር ሁሉ የሚጨበጥ ነበር። ተሸጠ፣ ተገዛ፣ ተከፈለ። ደረሰኝ አለ፤ ትመዘግቢያለሽ። ማስተካከያ ላይ ግን ማንም ምንም አልከፈለም፤ ወሩ ብቻ አለቀ። ሆኖም መመዝገብ አለብሽ። ተማሪ ግራ የሚጋባው «ምን ተፈጠረና ነው የምመዘግበው?» ብሎ ነው። የተፈጠረው ጊዜ ማለፉ ነው። ገቢ የሚመዘገበው ሥራው በተሠራበት ወይም ዕቃው በተሰጠበት ወር ነው። ወጪ የሚመዘገበው ጥቅሙ በተገኘበት ወር ነው። ብሩ ቀድሞም ይምጣ ዘግይቶ ለውጥ የለውም። የምዕራፉ ነገር ሁሉ ይኸው ነው።

በሱቃችሁ እንየው። አክስትሽ መስከረም 1 የስድስት ወር ኪራይ 36,000 ብር በባንክ ከፈሉ እንበል። የዚያን ቀን የኪራይ ወጪ የለም። ያለው በቅድሚያ የተከፈለ ኪራይ ነው፤ ገና ያልተጠቀሙበት መብት ስለሆነ ሀብት ነው። በቅድሚያ የተከፈለ ኪራይ ዴቢት 36,000፣ ባንክ ክሬዲት 36,000። መስከረም ሲያልቅ አንድ ስድስተኛው ተበልቷል። የኪራይ ወጪ ዴቢት 6,000፣ በቅድሚያ የተከፈለ ኪራይ ክሬዲት 6,000። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ አራት ወር ስላለፈ 24,000 ወጪ ሆኗል፤ 12,000 ሀብት ሆኖ ቀርቷል። መስከረም ላይ 36,000ውን በሙሉ ወጪ ብለሽ ብትጽፊ ምን ይሆናል? መስከረም የከሰረ ይመስላል፤ ከጥቅምት እስከ የካቲት ደግሞ ሱቁ በነጻ ቤት የሚሠራ ይመስላል።

ቀብድን ውሰጂ። ለጥር ሠርግ ልብስ ያዘዘች ደንበኛ ታኅሣሥ ላይ 3,000 ብር ቀብድ ሰጠች። የልብሱ ዋጋ 9,000 ነው። መሳቢያው ውስጥ ብር ስለገባ ብዙዎች ወዲያው ገቢ ይሉታል። አይደለም። ልብሱ አልተሰፋም። ብትሰርዝና አክስትሽ ልመልስ ቢሉ ከኪሳቸው ነው የሚወጣው። ዕዳ ነው። ታኅሣሥ ላይ ጥሬ ገንዘብ ዴቢት 3,000፣ የደንበኛ ቀብድ ክሬዲት 3,000። ጥር ላይ ልብሱን ወስዳ ቀሪውን 6,000 ስትከፍል፦ ጥሬ ገንዘብ ዴቢት 6,000፣ የደንበኛ ቀብድ ዴቢት 3,000፣ ሽያጭ ክሬዲት 9,000። ሽያጩ በሙሉ የጥር ነው። መጽሐፍሽ ይህንን የሚያስረዳው በመጽሔት ደንበኝነት ወይም በአውሮፕላን ትኬት ይሆናል። አንቺ ግን በየቀኑ የምታዪው ነገር ነው።

ዱቤ ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው። ኅዳር 28 የ4,500 ብር ጨርቅ በዱቤ ሸጣችሁ። ገዢው ታኅሣሥ 10 ከፈለ። ገቢው የኅዳር ነው። ታኅሣሥ ላይ ተሰብሳቢው ቀንሶ ጥሬ ገንዘቡ ጨመረ እንጂ ሱቁ ቤሳ አላተረፈም። የዱቤ ደብተሩ ውስጥ ያሉት ስሞች በሙሉ ተሰብሳቢ ሂሳቦች ናቸው። ሰኔ ውስጥ ሠርታ ደመወዟን ሐምሌ 3 የምትወስድ ሠራተኛ ካለችም ወጪው የሰኔ ነው፤ ሰኔ 30 ላይ የሚከፈል ደመወዝ ሆኖ ይያዛል።

ዕቁብስ? ተማሪዎቼን ከዚህ በላይ የሚያከራክር ጥያቄ አላውቅም። አሥር ሰው በሳምንት 2,000 ብር ይጥላል። ለአክስትሽ በሦስተኛው ሳምንት ዕጣ ወጣላቸው። 20,000 ብር ተቀበሉ። ያ ገቢ ነው የሚል ተማሪ ሁሌም አይጠፋም። እስኪ ቁጠሪው። የሦስተኛውን ሳምንት ጨምሮ የጣሉት 6,000 ነው። ያ የራሳቸው ተመለሰላቸው። የቀረው 14,000 በሚቀጥሉት ሰባት ሳምንታት የሚጥሉት ነው፤ ስለዚህ ዕዳ ነው። ገቢ ዜሮ። ዕጣው መጨረሻ ላይ ቢወጣላቸው ኖሮ ደግሞ እስከዚያ የጣሉት ሁሉ ተሰብሳቢ ሆኖ ይቆይ ነበር። ይህን ሳታዪ በራስሽ ከሠራሽው ማስተካከያ ገብቶሻል ማለት ነው። ዕቁቡ የአክስትሽ የግል ከሆነ ግን የሱቁ መዝገብ ውስጥ አይገባም፤ ከላይ ያልኩትን አስታውሺ።

የእርጅና ቅናሽ ላይ ደግሞ የእኛ አገር ተማሪ ሁሌ የሚያነሳት ጥያቄ አለች። «የስፌት ማሽኑ ዋጋ በየዓመቱ እየጨመረ እንዴት ነው የምንቀንሰው?» ጥያቄዋ ጥሩ ናት፤ መነሻዋ ግን የተሳሳተ ነው። የእርጅና ቅናሽ የገበያ ዋጋን አይለካም። ማሽኑ የተገዛበትን ዋጋ ለሚያገለግልባቸው ዓመታት ማከፋፈያ ነው። 30,000 ብር ተገዝቶ፣ አምስት ዓመት አገልግሎ፣ መጨረሻ ላይ 3,000 ያወጣል ከተባለ፣ 27,000 ለአምስት ሲካፈል በዓመት 5,400፣ በወር 450 ይሆናል። ለአዲስ ማሽን ተብሎ የሚቀመጥ ብርም የለም። መዝገብ ላይ ብቻ ነው።

ለማስተካከያ መልመጃ ሁለት መፈተሻ ያዢ። አንደኛ፣ ምዝገባሽ ውስጥ ጥሬ ገንዘብ ካለ ተሳስተሻል። ሁለተኛ፣ አንዱ ሂሳብ ገቢ ወይም ወጪ፣ ሌላው ሀብት ወይም ዕዳ ካልሆነ ተሳስተሻል። በመጀመሪያው ኮርስ ደረጃ እነዚህ ሁለቱ አይከዱሽም።

«ቪዲዮው ይገባኛል» ያልሽው ነገር ነው ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ። ቪዲዮውማ ይገባሻል። መምህሩ የትኛው ሂሳብ እንደሚነካ ቀድሞ ወስኖልሻል፤ አንቺ የምትስማሚው ከውሳኔው ጋር ነው። ሐይቅ ዳር ቆሞ የሰው ዋና እንደማየት ነው። ፈተና ላይ የሚጠየቀው ግን መወሰን ነው፤ እሱን ደግሞ አልተለማመድሽም። ስለዚህ አካሄዱን ገልብጪው። መጀመሪያ ጥያቄውን ደብተርሽ ላይ ገልብጪ። ቪዲዮውን አቁሚ። በእጅሽ፣ በእስክሪብቶ ጆርናሉን (በቀን ተራ የሚጻፈውን የመጀመሪያ ምዝገባ) ጻፊ። ቲ አካውንት (ግራና ቀኝ የተከፈለ የአንድ ሂሳብ ሠንጠረዥ) ሠርተሽ ፖስት አድርጊ፤ ማለትም ምዝገባውን ወደየሂሳቡ አዛውሪ። ከዚያ ቪዲዮውን ክፈችና አወዳድሪ። ከተሳሳትሽ የተሳሳትሽውን አታጥፊው። አጠገቡ ለምን እንደተሳሳትሽ በአንድ መስመር ጻፊ። ለአንድ ሰዓት ቪዲዮ ቢያንስ ሁለት ሰዓት የእጅ ሥራ መድቢ። ስልክ ላይ ሆኖ አካውንቲንግ አይጠናም። ጆርናሉን፣ ሌጀሩንና ትራያል ባላንሱን ጎን ለጎን ካላየሽ ክሩ ይጠፋብሻል።

ሌላው መንገድ ለሰው ማስረዳት ነው። ወሎ ላይ ቡና አለ፤ ሰው አይጠፋም። አቦሉ ላይ ለአክስትሽ «ቀብድ ለምን ገቢ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ?» በያቸው። አክስትሽ «ኧረ ብሩን ይዣለሁ እኮ!» ብለው ይሞግቱሻል። ያንን ሙግት ከረታሽ ኪዊዙ ቀላል ነው። አብሽሪ፣ ካልረታሽም ቶና አለ፤ በረካም ይቀራል።

መጽሐፉን በተመለከተ። በአብዛኞቹ ኮሌጆቻችን የሚያገለግሉት መማሪያዎች አሜሪካ የተጻፉ ናቸው፤ ያንቺም እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም። መሠረቱ ያው ስለሆነ ችግር የለውም። ግን እዚያ ያለው ሁሉ እዚህ አይሠራም። ትልቁ ምሳሌ የዕቃ ክምችት ምዕራፍ ነው። አሥር ነጠላ በ800 ብር፣ በኋላ አሥር በ1,000 ብር ገዛችሁ፤ 12 ተሸጠ። መጀመሪያ የገባው መጀመሪያ ወጣ ካልን የተሸጠው ዕቃ ዋጋ 10,000 ነው። በአማካይ ዋጋ 900 ካሰላነው 10,800። መጨረሻ የገባው መጀመሪያ ወጣ፣ ማለትም ላይፎ፣ ካልን 11,600። መጽሐፉ ሦስቱንም ያስተምርሻል። አሜሪካ ላይፎን ትፈቅዳለች። ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ፣ አይኤፍአርኤስ የሚባለው፣ ግን ከልክሎታል። ኢትዮጵያ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 847/2006 የተከተለችው ይህንን ደረጃ ነው፤ የሚቆጣጠረውም የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ነው። ላይፎን ለፈተና እወቂው፤ ሥራ ቦታ ይዘሽው እንዳትሄጂ። እንደዚሁም የመጽሐፉ ዓመት ብዙ ጊዜ ዲሴምበር 31 ይዘጋል። የእኛ የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ደመወዝ ላይ የምታዪውን የአሜሪካ ተቀናሽ ትተሽ የእኛን ጡረታ ልመጂ። በግል ድርጅት ከሠራተኛው 7 ፐርሰንት ይቆረጣል፤ ድርጅቱ 11 ይጨምራል። ደመወዟ 10,000 ብር ለሆነ ሠራተኛ 700 ከእሷ፣ 1,100 ከድርጅቱ፣ በድምሩ 1,800 ገቢ ይደረጋል። የድርጅቱ ወጪ 1,100ው ነው፤ 700ው ከደመወዟ ውስጥ ስለሆነ ድጋሚ ወጪ አታድርጊው።

ፒችትሪ ጥሩ ነው። የሥራ ማስታወቂያዎች ላይም ስሙ አይጠፋም። ግን ሶፍትዌሩ ፖስት ማድረጉንና መደመሩን ነው የሚያግዝሽ። ቀብዱን ገቢ ብለሽ ካስገባሽው ደስ ብሎት ይቀበልሻል። መግለጫውንም አሳምሮ ያትምልሻል፤ የተሳሳተ መግለጫ። ከዚህ ኮርስ በኋላ ተማሪው፤ ያኔ ፈጥኖ ይገባሻል።

መልስ ከኤአይ ወይም ከቴሌግራም ቻናል እየገለበጥሽ ኪዊዝ ብትሞይ ዘንድሮ ታልፊ ይሆናል። ችግሩ በኋላ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ዲግሪ ለመያዝ የመውጫ ፈተና አለ፤ ማለፊያው 50 ፐርሰንት ነው። የፋይናንሻል አካውንቲንግ ጥያቄ ሳይኖርበት የሚያልፍ የአካውንቲንግ ፈተና ደግሞ የለም። እዚያ በአካል ነው የምትቀመጪው፤ ስልክሽ ውጭ ይቀራል። ኤአዩን መጠቀም ከፈለግሽ አንቺ ከሠራሽ በኋላ «የቱ ጋ ተሳሳትኩ?» ብለሽ ጠይቂው። እሱም ይሳሳታል፤ በተለይ ምሳሌሽን ሳትጠይቂው ወደ አሜሪካ አሠራር ይወስደዋል። ሳልረሳው፣ ኮሌጁ ለካምፓሱ ብቻ ሳይሆን ለኦንላይን ፕሮግራሙ ራሱ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ ያለው መሆኑን አረጋግጪ። አንዳንድ ኮሌጅ በአንዱ ፈቃድ ሌላውን ያስተምራል። ደብዳቤውን አሳዩኝ ማለት መብትሽ ነው።

ወደ ውጤትሽ እንምጣ። ከ30ው 12 ይዘሻል። ለ50 የሚቀርሽ 38 ነው፤ የቀረው ደግሞ 70 ነጥብ። ከቀረው 54 ፐርሰንት ገደማ ማምጣት አለብሽ ማለት ነው። የሚቻል ነው፤ በአሁኑ አካሄድሽ ግን አይመጣም። እስካሁን ያመጣሽው 40 ፐርሰንት ስለሆነ።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። የሚቀጥሉትን ሁለት ሳምንታት ወደ ኋላ ተመለሽ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎች መልመጃ በሙሉ በእጅሽ እንደገና ሥሪ። ቪዲዮ ሳታዪ። አዲሱን ትምህርት በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ለማለፍ ያህል ብቻ ተከታተይ፤ ኪዊዙ እንዳያመልጥሽ። ከዚያ የሱቁን የአንድ ወር እንቅስቃሴ ውሰጂና ከጆርናል እስከ ትርፍና ኪሳራ መግለጫ ድረስ በደብተርሽ አዙሪው። ለዚህ የአክስትሽን ፈቃድ ጠይቂ። የዱቤ ደንበኞችን ስም አትጻፊ፤ ደንበኛ አንድ፣ ደንበኛ ሁለት በያቸው። ደሴ ሰው ይተዋወቃል። ደብተሩንም ከሱቁ ሕጋዊ መዝገብ ጋር አታደባልቂው።

አክስትሽ «አካውንቲንግ ተማርሽ አይደል፣ ግብሬን አሳውቂልኝ» ማለታቸው አይቀርም። እምቢ በያቸው። ታክስ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ የተሳሳተ የታክስ ማስታወቂያ ቅጣት ያመጣል፤ ቅጣቱ የሚመጣው በእሳቸው ስም ነው። ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚሰበስቡ ከሆነ ግን አንድ ነገር ንገሪያቸው። በ10,000 ብር ሽያጭ ላይ የሰበሰቡት 1,500 ብር የመንግሥት ነው። ገቢ አይደለም፤ ዕዳ ነው። አይነካም።

ኔትና መብራትን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ ደሴ እንደምትኖሪ አውቃለሁ። ቪዲዮውን በሌሊት ፓኬጅ አውርደሽ አስቀምጪ። ኪዊዝ ስትገቢ ላፕቶፑም ስልኩም ቻርጅ ይኑራቸው፤ ዋይፋይ ቢቋረጥ በስልክሽ ዳታ ቀጥይ። ሲስተሙ ማብቂያው 11:59 ፒኤም ነው ካለሽ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ59 ማለት ነው። እስከ ንጋት አለኝ ብሎ ተኝቶ ዜሮ ያገኘ ተማሪ አውቃለሁ።

ሁለቱ ሳምንታት ካለፉ በኋላ ራስሽን ፈትኚ። ከማስተካከያው ምዕራፍ መጨረሻ ያላየሽውን አንድ ረጅም መልመጃ ምረጪ። መልስ ሳታዪ ሥሪው። ከአሥር ምዝገባ ሰባቱን ካገኘሽ ቀጥይ፤ ኮርሱን ታልፊዋለሽ። ከአምስት በታች ከሆነ ያኔ ኮርሱን ለሚቀጥለው ተርም ማቆየት ያዋጣል። እንደዚያ ሲሆን ግን ዝም ብለሽ አትጥፊ። ሬጅስትራር ጋ ኮርስ ማቋረጫ ፎርም አለ፤ የመጨረሻ ቀኑም በካላንደሩ ላይ ተጽፏል። ቀኑ ሳያልፍ ሞልተሽ አስገቢና ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ያዢ። ፎርም ሳትሞዪ ከቀረሽ ኮሌጁ የሚመዘግብልሽ ኤፍ ነው። የከፈልሽውን ይመልሱ እንደሆነም እዚያው ጠይቂ፤ ይህ እንደ ኮሌጁ ይለያያል።